በነጻ የተሰጠች ቺንጋ

ከአባቴ የወረስሁት ሀብት አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ነው። ቀለሙ ቀድሞ ሰማያዊ ነበረ ይባላል፤ እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ግን ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁ የቀቡት፣ ስም የማይገኝለት ቀለም ነው። ሞተሩ እንደ ሌላው መኪና ከፊት ሳይሆን ከኋላ ተቀምጧል፤ ራዲያተር የለውም፣ ውሃም አይጠይቅም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቮልስ የሚነዳ ሰው ብቻውን አይደለም። ሁለት ቮልሶች በመብራት ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ባለቤቶቻቸው ሳይተዋወቁ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ አንዱ በመንገድ ተበላሽቶ ቢቆም ሌላው አይቶ እንዳላየ ሆኖ አያልፍም። ከዚህ ሰላምታ የተነሣ አሥራ ዘጠኝ ባለ ቮልሶች ተሰባስበን፣ በዓመት አንድ እሑድ መኪኖቻችንን አጥበንና ወልውለን በአንድነት ከከተማ የመውጣት ልማድ ጀመርን። ማኅበር ልበለው እንጂ ማኅተምም ሊቀ መንበርም የለውም።

ይህን የማነሣው ግን ስለ ቮልስ ውበት ለመተረክ አይደለም። የምጽፈው ስለ ረዳቶቻችን ነው፤ ይኸውም ለመኪና ወዳጆች ስብሰባና ጉዞ የሚረዱትን፣ ዛሬ በፈረንጅኛው ስፖንሰር የምንላቸውን፣ የመለዋወጫ ሠሪዎችንና ሻጮችን ነገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደ ቢሾፍቱ ለመጓዝ ስንሰናዳ ከመካከላችን አንዱ፣ «በውጭ አገር እንዲህ ያለ ጉዞ ሲደረግ ወጪውን የመለዋወጫ ኩባንያዎች ይችሉታል፤ እኛስ ለምን አንጠይቅም?» ሲል አሳብ አቀረበ። ሁላችንም ወደድነው። ጽሕፈት የሚሆንልኝ እኔ ነኝና ደብዳቤውን እንድጽፍ፣ ነጋዴም የማውቅ እኔ ነኝና ይዤው እንድሄድ ተወሰነ። ነጋዴ የማውቀው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ በመሥሪያ ቤቴ የግዥ ክፍል ሠራተኛ በመሆኔ ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያቆይልኝ።

ወደ መደብራቸው የሄድሁባቸው ነጋዴ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ገና ከበር ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። ደብዳቤውን ቆመው አነበቡና፣ «እርስዎ ጠይቀውኝ እምቢ ልል ነው?» አሉኝ። በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን ሰው «እርስዎ» ማለታቸው ሊያሳፍረኝ ሲገባ ደስ አሰኘኝ። ቡና አስመጡልኝ። ከዚያም ከመጋዘናቸው ሃያ ቺንጋ አስወጥተው፣ ስማቸው የታተመባቸውን ሃያ ቆቦችና በመኪና መስኮት የሚለጠፍ ወረቀት ጨምረው አሸከሙኝ። የድል አድራጊ አመጣጥ ነበር የመጣሁት።

ስለ ቺንጋ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገር። ቺንጋ ከሞተሩ ዘንግ ተነሥታ ዲናሞውን የምታዞር የላስቲክ ቀበቶ ናት። በቮልስ ላይ ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ስለሚዞር፣ እርስዋ ከተበጠሰች የሚቀረው የባትሪው መሙላት ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም ነፋስ ያጣል። ያን ጊዜ በሾፌሩ ፊት ያለች ቀይ መብራት ትበራለች፤ አስተዋይ ሾፌር በዚያችው ደቂቃ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል። በ21 ቁልፍ ብሎኗን ፈትቶ ሌላ ቺንጋ ለማስገባት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የዋጋዋ ነገር ከምሳ አይበልጥም፤ የምትጠብቀው ግን ሞተሩን በሙሉ ነው።

እንግዲህ ጓደኛችን «በውጭ አገር» ያለው ነገር እውነት ነው፤ እኔም በትርፍ ጊዜዬ ስለ መኪና ታሪክ የተጻፈ ማንበብ እወዳለሁና አንዳንዱን አውቀዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1895 ከፓሪስ ወደ ቦርዶ ደርሶ መልስ 1,178 ኪሎ ሜትር የአውቶሞቢል ውድድር ተደረገ። አንድሬና ኤድዋር ሚሽሊን የተባሉ ወንድማማች የጎማ ሠሪዎች በነፋስ የሚነፋውን ጎማ ለመኪና ማዋል አስበው ነበር፤ ነፋስ የተሞላ ላስቲክ ያን የሚያህል ብረት ይሸከማል ብሎ በላዩ የሚቀመጥ ሾፌር ግን አላገኙም። ስለዚህ «መብረቅ» ብለው የሰየሙትን መኪና ራሳቸው ነዱት። ጎማው እየፈነዳ፣ እነርሱም እየወረዱ እየለጠፉ፣ ከተፈቀደው መቶ ሰዓት አልፈው ደረሱ። ኤሚል ሌቫሶር በድፍን ጎማ እየነዳ በ48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሚሽሊኖች በውድድሩ ተሸነፉ፤ ነገር ግን ሕዝቡ መኪና በነፋስ ላይ ተቀምጦ ቦርዶ ደርሶ ሲመለስ በዓይኑ አየ። ይህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ ስለ ድፍረታቸው ብቻ አይደለም። የሸጡትን ዕቃ ሰው ላይ ከመሞከራቸው በፊት ራሳቸው ተቀምጠውበታልና ነው።

ትርፍ አላሰቡም ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። እነዚሁ ሰዎች በ1900 ለባለ መኪናዎች ጋራዡንና ማደሪያውን የሚያመለክት መጽሐፍ አሳትመው በነጻ ሲያድሉ፣ ብዙ የተጓዘ ሰው ብዙ ጎማ እንደሚጨርስ አሳምረው ያውቁ ነበር። በዚህ አልፈርድባቸውም። ነጋዴ ሲሰጥ የሚያተርፍበትን መንገድ ቢያስብ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሌላ ቦታ ነው።

በአሜሪካም በ1911 በኢንዲያናፖሊስ የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ሲደረግ ሬይ ሃሩን የተባለው ሾፌር 805 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በ6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ጨርሶ አንደኛ የወጣው በፋየርስቶን ጎማ ነው። ጎማው እንዳያልቅበት ፍጥነቱን እየመጠነ ነድቷል ይባላል። ከ1920 እስከ 1966 ድረስ፣ በጦርነት ምክንያት ውድድሩ የታጎለባቸው አራት ዓመታት ሲቀሩ፣ በዚያ ሜዳ ያሸነፈው መኪና ሁሉ የተጫማው ይህንኑ ጎማ ነበር። ኋላም በዚያው አገር አሮጌ መኪና እየፈቱ በማፍጠን የሚጫወቱ ጎልማሶች ሲበዙ፣ መለዋወጫ የሚሠሩላቸው ባለሙያዎች በ1963 ካሊፎርኒያ ላይ ሴማ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሞተር ባልቮላ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ በመሳል የታወቀው ኤድ ኢስከንደሪያን ነበር። ማኅበሩ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ለውድድር የሚሸጠው ዕቃ ምን ያህል ኃይል መቻል እንዳለበት መመዘኛ መጻፍ ነበር፤ በፍጥነት ላይ ሳለ የሚፈነዳ የፍሪሲዮን ዕቃ የሾፌሩን እግር ይቆርጥ ነበርና።

በእነዚሁ ውድድሮች አንድ ደንብ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ኩባንያው ለአሸናፊው የሚሰጠውን ገንዘብ ሾፌሩ የሚቀበለው የኩባንያውን ምልክት በመኪናው ላይ በመለጠፉ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን በእውነት በመኪናው ውስጥ የገጠመ እንደ ሆነ ነው። ምልክቱና ዕቃው ተለያይተው አይሄዱም። እኛ ግን ወደ ቢሾፍቱ ስንነሣ ምልክቱን ለጥፈን፣ ቆቡን ደፍተን፣ ቺንጋውንም ሳንመረምር ገጥመን ነበር።

ከቃሊቲ በማለዳ ተነሣን። የጥቅምት ጧት ምን እንደሚመስል ለአገሬ ሰው አልነግርም። ልጆች በአቃቂ መንገድ ዳር ቆመው እያጨበጨቡ አሳለፉን። ዱከም ሳንደርስ የፊተኛው ቮልስ ቀይ መብራቱ በራና ቆመ፤ ቺንጋው ተበጥሷል። ሳቅንበት፤ አሮጌውን ቺንጋ መልሰን አስገባንለትና ጉዟችንን ቀጠልን። አምስት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ሁለተኛው ተበጠሰ። ይህን ጊዜ ከእኛ ጋር የነበረው ሽማግሌ መካኒክ፣ ሁላችን ጋሼ የምንለው፣ ሳይበጠሱ የቀሩትን አንድ በአንድ በጣቱ ይዳብስ ጀመር። አንዲቱን አውጥቶ ወደ ውስጥ ሲያጥፋት በበጋ እንደ ደረቀ መረሬ መሬት ተሰነጣጠቀች። «ይህ በመጋዘን ያረጀ ነው፤ ላስቲኩ ሞቷል» አለ። ሁላችሁም አውጡት እያለ በሰልፉ ወደ ፊት ሲራመድ ለካ አንዱ መኪና አልቆመም ነበር።

እርሱም የመምህራችን ነው። እኒህ ሰው በጡረታ ያሉ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆኑ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይጓዙ ነበር። የቀይዋ መብራት አምፖል ከተቃጠለች ዓመት ሆኗት ኖሮ፣ ቺንጋቸው ሲበጠስ የሚነግራቸው አላገኙም። ሞተሩ እየጋለ፣ እሳቸውም ሽታው ከፊተኛው ካሚዮን የመጣ መስሏቸው እየነዱ፣ በመጨረሻ ደርቆ ቆመ። ብንገፋውም አልዞር አለ። መምህር ወርደው የሞተሩን ክዳን ከፍተው ጥቂት ተመለከቱና ዘወር ብለው፣ «ደግነቱ ቆቡ ለፀሐይ ይሆነኛል» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ቆቡን ያመጣሁላቸው እኔ ነኝና መሳቅ አልቻልሁም። ልጁ ሐይቁን ሳያይ ተመለሰ፤ መኪናውን በገመድ ጎትተን ቃሊቲ አደረስነው።

ማክሰኞ ዕለት የተበጠሱትን ሦስት ቺንጋዎች በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ነጋዴው ሄድሁ። ለመቆጣት ተሰናድቼ ነበር። ነጋዴው ቺንጋዎቹን አዩአቸው፤ አልካዱም። «ጌታዬ፣ ሽጬላችሁ ቢሆን ኖሮ ዋስ እሆን ነበር። በነጻ የሰጠሁት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞስ እኔ ቮልስ ምን አውቃለሁ? እርስዎ ስለ ጠየቁኝ ሰጠሁ» አሉ።

ይህ ሁለተኛው ቃል ከፊተኛው ይልቅ አቆሰለኝ። ለካ ቺንጋዎቹ የተሰጡት ለአሥራ ዘጠኙ ቮልሶች አልነበረም፤ ለእኔ ጠረጴዛ ነበር። ሰውየው እምቢ ለማለት አልቻሉም፤ ጥሩውን ዕቃ ለመስጠትም ልባቸው አልፈቀደም፤ ስለዚህ ከመጋዘናቸው የማይሸጠውን መርጠው ሰጡኝ። በሠርግ ቤት ሰው በግ ወይም አንድ እንስራ ጠላ ሲያመጣ ደጋሹ በልቡ ይመዘግባል፤ በተራውም ይመልሳል። ይህ በእኩዮች መካከል ያለ ውለታ ነው። ሰው ወደ ሹም ቤት የሚይዘው ግን ሌላ ስም አለው፤ እኔም ስሙን ሳልጠራ ተቀብዬ፣ ቡናም ጠጥቼ ወጥቻለሁ።

የሞተሩን ማሠሪያ አሥራ ስምንታችን አንድ አንድ ሺህ ብር አዋጥተን ከፈልን። መምህር አልቀበልም ቢሉም አልሰማናቸውም።

በዚያ ሰሞን ደጋግሜ የማስበው በ2005 በዚያው በኢንዲያናፖሊስ የሆነውን ነው። ሚሽሊን፣ ያ የሁለቱ ወንድማማች ኩባንያ፣ በፎርሙላ አንድ ውድድር ከሚሮጡት 20 መኪኖች ለ14ቱ ጎማ ያቀርብ ነበር። በልምምዱ ቀን የራልፍ ሹማኸር ጎማ በ13ኛው ኩርባ ላይ ከድቶት መኪናው ከግንብ ጋር ተላተመ። የኩባንያው መሐንዲሶች ምክንያቱን ሲመረምሩ ቆይተው፣ በዚያ ኩርባ ፍጥነት ካልተቀነሰ ጎማችን ደኅና ነው ብለን ዋስ ልንሆን አንችልም ሲሉ በጽሑፍ አሳወቁ። በመንገዱ ላይ መገደቢያ ይሠራ ቢባል የውድድሩ የበላዮች አልፈቀዱም። እሑድ ሰኔ 19 ቀን ሃያውም መኪኖች የማሟሟቂያውን ዙር ዞሩ፤ ከዚያም አሥራ አራቱ በሕዝቡ ፊት ወደ ጋራዣቸው ተመለሱ። ስድስት መኪኖች ብቻ ሮጡ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ጠርሙስም ወረወረ። ሚካኤል ሹማኸር አሸነፈ፤ የደስታ ድል ግን አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚሽሊን የተመልካቾችን የመግቢያ ዋጋ እንደሚመልስ አስታወቀ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድርም 20,000 ቲኬት ገዝቶ በዚያ ቀን ለተገኙት እንደሚሰጥ ቃል ገባ። ከሩቅ አገር ተጉዞ የመጣ ተመልካች ያ እሑድ በገንዘብ እንደማይመለስለት አውቃለሁ፤ የዋህ አይደለሁም። የማይበቃ ጎማ ይዞ መምጣቱም ጥፋት ነው። ነገር ግን ስሙ በአጥሩ ሁሉ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ዓለም እየተመለከተው፣ «የእኔ ዕቃ ለዚህ አይበቃም» ያለ ሻጭ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። በ1895 ራሳቸው በጎማቸው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ልጆች በ2005 ሰው በጎማቸው ላይ እንዳይቀመጥ ከለከሉ። ሁለቱ ሥራዎች ለእኔ አንድ ናቸው።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በታኅሣሥ ወር መሥሪያ ቤታችን ለመኪኖቹ መለዋወጫ ለመግዛት ጨረታ አወጣ፤ ፖስታዎቹ ሲከፈቱ የዚያ ነጋዴ ስም አለበት። ማንም ስልክ አልደወለልኝም፤ ማንም ውለታ አላስታወሰኝም። ችግሩ በውስጤ ነበር። የእሳቸውን ዋጋ ዝቅ ብሎ ባየው፣ ይህ የቆቡና የቡናው ብድር ነው እላለሁ፤ ዕቃቸው አይረባም ብዬ ልጥለው ባስብ፣ ይህ የመምህር ሞተር ቂም ነው እላለሁ። ወረቀቱን በሁለት ዓይን አየሁት እንጂ በቀና ዓይን ማየት ተሳነኝ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ወደ ክፍል ኃላፊያችን ገባሁና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኋቸው።

ወይዘሮዋ ቁጣ አያውቁም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ ይከብዳል። «የደብዳቤው ቅጂ አለህ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ጣታቸውን በግርጌው ላይ አኖሩ። እኔ ለዓመታት በእጄ የለመደውን ልማድ ተከትዬ፣ ከስሜ በታች «የግዥ ክፍል ሠራተኛ» ብዬ ጽፌ ኖሯል። ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ፣ ያነበብሁት እኔ፣ ለጓደኞቼም ጮኬ ያሰማሁት እኔ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ያን መስመር አላየሁትም ነበር። «ይህ የቮልሶች ደብዳቤ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ጨረታ ኮሚቴ ወጣሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም በማኅደሬ ገባ፤ የተገባኝ ነው። ጨረታውን ያሸነፈ ሌላ ነጋዴ ነው። እንዴት እንዳሸነፈ አልጠየቅሁም።

በዓመቱ ጥቅምት ሲደርስ ጓደኞቼ እንደ ገና ደብዳቤ ይጻፍ አሉ። እኔ ጽሕፈቱን እንጂ ፊርማውን እንደማልሰጥ ነገርኋቸው፤ መምህር ፈረሙ፤ ሞተራቸውም ዳግመኛ ተነሥቶ ነበር። በደብዳቤው ውስጥ ቆብም ባነርም አልጠየቅንም። የጠየቅነው ዕቃ የሚሰጠን መደብር መፍቻና መለዋወጫ ያለው አንድ ሰው በመጨረሻው መኪና አብሮን እንዲልክ፣ በመንገድ የሚበላሸውንም በዕለቱ እንዲለውጥ ነው። መምህር ይህን ይዘው ሶማሌ ተራ ሦስት መደብር ዞሩ። በሁለቱ ደብዳቤውን ተቀብለው እናስብበታለን አሉ፤ ወሬያቸውም አልተሰማም። ሦስተኛው በር ብቻ ያላት ጠባብ ሱቅ ናት። ባለቤትዋ ወጣት ነው፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ከመደርደሪያው አንዲት ቺንጋ አወረደና ወደ ውስጥ አጥፎ ለመምህር እያሳየ፣ «አባባ፣ መኪኖቹ ስንት ናቸው? የስንት ዓመተ ምሕረትስ ሞዴል?» ብሎ ጠየቃቸው።